«ሆን ብሎ ነው!»

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል። ባለፈው ክረምት እነሱ ቤት ሄጄ ሳለ መብራት ጠፋና ሻማ ለኮስን። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስኒ ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «አጎቴ፣ ሻማው እያጠረ ሲሄድ የስኒው ጥላ ለምን ይረዝማል?» አለኝ። እኔ ጭንቅላቴን ሳክ እሱው መለሰው። «ብርሃኑ ወደ ታች ስለሚወርድ ነዋ!»

ይኸው ልጅ «ነገ» ብለህ ጻፍ ሲባል «ገነ» ብሎ ይጽፋል። «ተ»ና «ቸ»፣ «ደ»ና «ጀ» ይምታቱበታል። ከጥቁር ሰሌዳው አንድ መስመር ገልብጦ ሳይጨርስ ሰሌዳው ይጠፋል። የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ሲመጣ ከ46 ተማሪ 43ኛ። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ፣ «ችሎታ አለው፤ ግን ሰነፍ ነው» ይላል።

እህቴ ትምህርት ቤት ስትጠራ እኔም ተከትያት ሄድኩ። መምህሩ በትሕትና አስረዱን። «በቃል ስጠይቀው ከማንም ቀድሞ ይመልሳል። ወረቀት ስሰጠው ግን ባዶውን ይመልስልኛል። ስለዚህ ሆን ብሎ ነው!»

የእኔ ጠብ ከዚች «ስለዚህ» ጋር ነው። ጎበዝ፣ እስቲ እናስብ! የራበው ልጅ ማንኪያ ይዞ መጉረስ ቢያቅተው የሚመረመረው እጁ ነው ወይስ ሆዱ? መልሱን የሚያውቅ ልጅ ወረቀቱ ጋ ሲደርስ ከቆመ፣ ችግሩ ያለው በእሱና በፊደሉ መካከል ነው። ደከም ያለ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይታዘንለት ነበር። ይሄ ግን ብልህ ነውና የገዛ ብልህነቱ ምስክር ሆኖ ቆመበት።

ችግሩን እስከ ሦስተኛ ክፍል የደበቀውም ይኸው ብልህነቱ ነው። ለካስ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል እያለ የንባብ መጽሐፉን ከጓደኞቹ አፍ ሰምቶ በቃሉ ይዞት ኖሯል! ገጹን በሥዕሉ ይለይና ይወርደዋል። እኛም «አነበበ!» ብለን አጨበጨብን። ሥዕሉ ሲቀንስ፣ ጽሑፉ ሲረዝም፣ ጉዱ ወጣ።

ባለሙያ ዘንድ ስንወስደው ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር እንደሆነ ተነገረን። የዓይን በሽታ አይደለም፤ የአእምሮ ድክመትም አይደለም። ድምፅንና ፊደልን የማገናኘት ችግር ነው። ፊደሉን ከድምፁ ጋር በቅደም ተከተል፣ ደጋግሞ የሚያስተምረው ካገኘ ልጁ ማንበብ ይማራል።

አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896፣ እኛ ዐድዋ ላይ በዘመትንበት ዓመት፣ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፏል። ልጁ ንቁ ነው፣ ሒሳብም ይችላል። ስሙን ግን «ፐርሲ» በማለት ፈንታ «ፕሬሲ» ብሎ ይጽፋል። አስተማሪው፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የሚበልጠው እሱ እንደነበር መስክሮለታል። የእኛው መምህር የተናገሩት ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ «ስለዚህ» ላይ ነው።

እኛስ ብንሆን ዕውቀትና ንባብ ለየብቻ መሆናቸውን መች አጣነው? በቅኔ ቤት ዓይናቸው የማያይ መምህራን ስንቱን ባለቅኔ አፍርተዋል! ቅኔው በቃል ይቆጠራል፣ በጆሮ ይታረማል። አለንጋው እንደነበረ አልረሳሁም። ግን ብራና ስላላነበበ ብቻ ሊቁን ሰነፍ ያለው አልነበረም።

«አንድ መምህር ስልሳ ልጅ ይዞ ምን ያድርግ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የመምህሩ ሸክም ከባድ ነው። ግን የፈተናውን ጥያቄ ለሦስት አራት ልጆች ጮክ ብሎ ማንበብ፣ መልሳቸውን በቃል መቀበል፣ ሩብ ሰዓት መጨመር ስንት ብር ይፈጃል? ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ያወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም ልጆች በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንደሆኑ ይደነግጋል። ወረቀቱማ ሞልቷል! ባለፈው ወር የልጁን መዳፍ ያቀላው ማስመሪያ ግን ወረቀቱን አላነበበም።

ርዕሰ መምህሯ ደግሞ መፍትሔ ብለው ያቀረቡልን፣ «ለልጁ የሚስማማ ሌላ ትምህርት ቤት ብትፈልጉለት» የሚል ነው። በራቸው ላይ «መቶ በመቶ አሳለፍን!» የሚል ባነር ተሰቅሏል። እንዴት አያሳልፉ! የሚወድቅ የመሰላቸውን ከፈተናው በፊት ያሰናብቱታላ። ጎበዝ ተቀብሎ ጎበዝ ማስወጣት ማስተማር ነው እንዴ? የወር ክፍያውን ሲቀበሉማ «ይስማማዋል ወይ?» ብለው አልጠየቁንም።

በእነሱ ብቻ አልፈርድም። ልጁ ካርድ ባመጣ ቁጥር «ስንተኛ ወጣህ?» ስለው የኖርኩት እኔው ነኝ። አንዴም ቢሆን «ምን ከበደህ?» ብዬው አላውቅም።

ሰሞኑን እነሱ ቤት መብራት ጠፋ። ሻማው በራ፤ ስኒውም እዚያው አለ። ልጁ ምንም አልጠየቀም። እኔን ያስፈራኝ 43ኛ መውጣቱ ሳይሆን ይሄ ዝምታው ነው። ፊደል ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል፤ ጥያቄውን የተወ ልጅ ግን በምን ይመለሳል?

ስለዚህ መምህር፣ ለሚቀጥለው ፈተና አንድ ልመና አለኝ። ጥያቄውን ያንብቡለት። መልሱን ያውቀዋል።