የስቶቩ ሰዓት አይነካ!

ሰሞኑን አንድ ሰዓት ተሰርቀናል። ሌባው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ላይ ገብቶ፣ ከትራስጌያችን ያስቀመጥነውን ስልክ 3 አድርጎት ወጥቷል። ፖሊስ መጥራት ዋጋ የለውም፤ ሌባው ሕጉ ራሱ ነው። ከ2007 ወዲህ ስርቆቱ የሚፈጸመው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፤ ከዚያ በፊት ኤፕሪል እስኪገባ ይታገሡን ነበር። የወሰዱትን የሚመልሱት በኖቬምበር ሲሆን፣ ያውም ያለ ወለድ ነው።

የምኖረው ከዋሽንግተን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል በምትርቅ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። (ይህን ጋዜጣ የማገኘው እንጀራና በርበሬ ልሸምት ስወርድ ነው።) እዚህ ጸደይ መግባቱን የሚነግረን አበባው አይደለም። ሽማግሌው ጎረቤቴ የሣር ማጨጃውን ከጋራዥ አውጥቶ፣ ገመዱን አሥር ጊዜ ስቦ፣ አሥር ጊዜ ተሳድቦ፣ በአሥራ አንደኛው ሲነሣለት ያኔ ጸደይ ገባ ይባላል። ሣሩ እኮ ገና አልበቀለም! ሰዓቱ በሚለወጥበት ዋዜማ ደግሞ ቤቱን እየዞረ የግድግዳውን፣ የሳሎኑን፣ የመኪናውን ሰዓት አንድ በአንድ ያዞራል። የእሳት አደጋ ሰዎች ስለሚመክሩ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪም በዚያው ይቀይራል። ከዚያ አጥሩ ጋ መጥቶ፣ «ያንተንስ አዞርክ?» ይለኛል።

«ስልኬ ራሱ ያዞረዋል» አልኩት ዘንድሮ።

«ስልክህ ካዞረውማ መዞሩን አንተ አታውቅም» አለኝ። ሽማግሌ ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እሑድ ጠዋት በፈረንጅ ስምንት ሰዓት ላይ ለእናቴ እደውላለሁ። በብርዱ ወራት ያ ሰዓት ለእርሷ ከቀኑ አሥር ነው፤ ቡናዋን አቀራርባ፣ ስልኳን ቻርጅ አድርጋ የምትጠብቅበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በብርዱ ጊዜ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ላይ ሁለት ጨምሩ፣ ማርች ላይ ከተዞረ በኋላ ግን አንድ ብቻ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አምስትና አራት ጨምሩ። ቀኑን ከሌሊቱ መለየት የእናንተ ፋንታ ነው።

ስልኬ ስምንት ይላል። ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ደገምኩ። ሠለስኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ለባሕር ማዶ ሰው መንገር አያስፈልግም። የደም ግፊቷ ትዝ አለኝ፤ ባለፈው እሑድ «ትንሽ ደክሞኛል» ያለችው ትዝ አለኝ። እህቴ ጋ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። በዚህ መሐል ከቤቴ ፊት መኪና ሲቆም ልቤ ቀጥ አለ። እዚህ አገር መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ ጓደኞችህ በጠዋት ተሰባስበው በርህን ያንኳኳሉ። ደግነቱ ለጎረቤቴ የመጣ እንግዳ ነበር።

በመጨረሻ የሰፈሩን ባለ ሱቅ አገኘሁት። እሱም ሱቁን ዘግቶ ሮጠ። እናቴ የነበረችው ጎረቤት ቤት ነው፤ አቦሉን ጠጥታ ቶናውን ትጠብቃለች። ስልኳ ቤት ቻርጅ ላይ ነው። እያለከለከች ስትደርስ ገና «ሃሎ» ሳልል፣ «ምን ሆናችሁ? ልጆቹ ደኅና ናቸው?» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ እሷን ስቀብር፣ እሷ ደግሞ እኔን ቀብራኝ ነው መንገዱን የጨረሰችው።

«ደኅና ነን እማዬ፤ ሰዓቱ ተለውጦ ነው።»

«ማን ለወጠው?»

«መንግሥት።»

«እንዴ! ፀሐይዋስ እሺ አለች?»

ሌላ ጊዜ ጸደይ ሲመጣ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የምደውለው በዘጠኝ ሰዓት ነው» እላት ነበር። ዘንድሮ ስልኩ ስላዞረው ረሳሁት። ለካ ባልረሳሁባቸው ዓመታት የበለጠ ጥፋት ሠርቻለሁ። እሷ እኮ አንድ ቀን እንኳ ሳታጉረመርም የጎረቤት ቡናዋን፣ የመድኃኒቷን ሰዓት፣ የቀን ዕረፍቷን በእኔ ሰዓት ስታሸጋሽግ ኖራለች። በዓመት ስምንት ወር ያህል አንዲት የሰባ ስድስት ዓመት ሴት አዲስ አበባ ተቀምጣ በአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ ቡና ታፈላለች ማለት ነው። ቪዛ እንኳ ያልሰጧት ሴት!

ምክር ቤቱ ያስተካክለው ይሆናል የምትሉ ካላችሁ አትጠብቁ። በ1974 ጃንዋሪ ላይ ክረምት ከበጋ የማይለወጥ ሰዓት ሞክረው፣ ልጆች በጨለማ ትምህርት ቤት ሄዱ ተብሎ ጩኸት ሲበዛ በዚያው ዓመት ተዉት። በ2022 ማርች ሴኔቱ መለዋወጡ ይቅር ብሎ አሳልፎ ነበር፤ የታችኛው ምክር ቤት ግን ሳያጸድቀው ዘመኑ አለቀ። ሃዋይ ያላችሁ፣ አሪዞናም ከናቫሆ ምድር ውጭ ያላችሁ፣ ታድላችኋል፤ ሰዓታችሁ አይነካም።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው፤ እንደነሱ ሳይሆን እንደ እናቶቻችን ሰዓት እንደውል። የሥራ ነገር አለ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም እሑድ በዘጠኝ ተኩል እገባለሁ፤ በዘጠኝ ከደወልኩ የአንድ ሰዓቱ ወሬ ሃያ ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ግን የካርዱን ዘመን አስታውሱ። ከሬስቶራንቱ ባንኮኒ የአምስት ዶላር ካርድ ገዝተን፣ በሳንቲም ፍቀን፣ ያን ሁሉ ቁጥር ነክተን፣ «አንድ ደቂቃ ቀርቶሃል» የምትለዋን ሴትዮ እየፈራን ስንደውል፣ ቤት የሚገኙበትን ሰዓት አጥንተን ነበር። ዛሬ በነፃ ሲሆን ጊዜ፣ መኪና ስናሳጥብ፣ ዶክተር ስንጠብቅ፣ በተረፈን ሰዓት እንደውላለን። እነሱ ግን ዛሬም ተዘጋጅተው ነው የሚጠብቁት።

አሁን ቤቴ ውስጥ የማምነው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ የስቶቩ። እንዴት እንደሚዞር አላውቅም፤ መመሪያው ከቀድሞው ተከራይ ጋር ሄዷል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በብርዱ ሰዓት ላይ እንደቆመ ነው፤ ሁለት ከጨመርኩበት የእናቴ ሰዓት ነው። ልጄ «አባዬ፣ ስቶቩ ተሳስቷል» ብትለኝ፣ «ለአያትሽ ልክ ነው» ብዬ «አይነካ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት።

በሚቀጥለው እሑድ ካፖርቴን ለብሼ፣ የመኪና ቁልፌን ይዤ ስቶቩ ፊት ቆምኩ። ስልኬ ዘጠኝ፣ ስቶቩ ስምንት ሲል ደወልኩ። ገና ከመጥራቱ ተነሣ። እናቴ ቪዲዮ ነው ብላት ብሠራት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስለምትለጥፈው፣ የሚታየኝ ጆሮዋና የነጠላዋ ጫፍ ብቻ ነው።

«ሰዓትህን መለሱልህ እንዴ?» አለኝ ጆሮዋ።