የድኽነት ወሰን በምን ይለካል?

ድኽነትን በዓይን ማየት ቀላል ነው፤ በቍጥር መለካት ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ሲቦም ራውንትሪ የተባለው እንግሊዛዊ በዮርክ ከተማ የሠራተኞችን ኑሮ በየቤቱ አስመረመረ። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋራ በሳምንት ለምግብ 12 ሽልንግ ከ9 ፔንስ፥ ለቤት ኪራይ 4 ሽልንግ፥ ለልብስ፥ ለመብራትና ለማገዶ 4 ሽልንግ ከ11 ፔንስ ያስፈልጋቸዋል ብሎ አሰላ፤ ድምሩ 21 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ሆነ። ገቢው ከዚህ ያነሰ ቤተ ሰብ ከድኽነት ወሰን በታች ተቈጠረ።

ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ለጋዜጣ፥ ወይም ርቆ ላለ ልጅ ለሚጻፍ ደብዳቤ ቴምብር አንድ ፔኒ እንኳ አልተመደበም። ለልጅ ጫማ መግዛት ያስፈለገ እንደ ሆነ ገንዘቡ የሚገኘው ከምግቡ ተቀንሶ ነው፤ ጦሟን የምታድረውም ብዙ ጊዜ እናት ናት። ወሰኑ ሥጋን ለማቆም ብቻ የተሰላ መሆኑን ራውንትሪ ራሱ ገልጦ ጽፏል። በ1936 ዓ.ም. ከተማውን እንደ ገና ሲመረምርም ጋዜጣውን፥ ቴምብሩንና ራዲዮኑን በሒሳቡ ጨመረ።

ይህን ማውሳታችን ለሠራተኛው ደመወዝ የሚቈርጥ ሁሉ እንዲያስብበት ነው፤ እንጀራውን ሲቈጥርለት ደብዳቤውን አይርሳበት።