«ለጌታ ምርጡ ይገባዋል» ወይስ ለመድረካችን?



ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ በተለይ በመድረክ የምታገለግሉትን። ቢሆንም ሦስት ሳምንት ዝም ብዬ ቆይቻለሁ፤ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

ባለፈው ወር በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ከአምልኮ ቡድኑ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ። አሜሪካ የተሠራ ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር እንዲገዛ፣ ለዚህም በሁለት እሑዶች ልዩ መባ እንዲሰበሰብ የሚጠይቅ ነው። መዝጊያው ላይ «ለጌታ ምርጡ ይገባዋል» ይላል። ይህ አጀንዳ ቁጥር 3 ነበር። አጀንዳ ቁጥር 5 ደግሞ ወደ ገጠር የላክናቸው ሁለት ወንጌላውያን ድጎማ ለሁለት ወር መዘግየቱን የሚመለከት ነበር። ስለ ቁጥር 3 አንድ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። ቁጥር 5ን «ጌታ ያዘጋጃል» ብለን በጸሎት ዘጋነው። ሁለቱን አጀንዳዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። ስብሰባውን የመራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጊታር የሚጠላ መጋቢ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። በልጅነቴ፣ በደርግ ዘመን፣ በየቤቱ ተደብቀን ስንሰበሰብ አንድ ቦክስ ጊታር ነበረን። ክር ሲበጠስ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ አንድ ዘለላ መዘን እናስርበት ነበር። ጎረቤት እንዳይሰማ በጣት ጫፍ ነበር የሚመታው። በኋላ በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር የዳንኪራ ቤት ዕቃ ነው የሚሉ አባቶችን መዝሙር 150ን ይዤ ተከራክሬያለሁ። ዛሬም አቋሜ ያው ነው። ጊታር ይገዛ፤ ያውም ጥሩ ጊታር። የምቃወመው ስምንና ጥራትን አንድ አድርጎ ቆጥሮ፣ የስሙን ዋጋ ከእናቶቻችን መቀነት ፈትቶ መክፈልን ነው።

እስቲ ስለ ዕቃው ራሱ እንነጋገር። ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቴሌካስተርን፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተርን ሲያወጣ ያሰበው ለሠርቶ አዳሪ ሙዚቀኛ የሚሆን፣ በቀላሉ የሚመረትና በቀላሉ የሚጠገን መሣሪያ ነው። አንገቱን በሙጫ ከማጣበቅ ይልቅ በብሎን ያሰረው ለዚህ ነበር፤ አንገቱ ቢበላሽ ፈትቶ ሌላ መግጠም ነው። የሠራተኛ ዕቃ ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ዛሬ ስሙን ስንጠራ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

ያው ኩባንያ ከ1982 ጀምሮ ስኳየር በሚል ስም የዚያኑ ጊታር ርካሽ ወንድም ይሸጣል። የጊብሰን ኩባንያም ከ1957 ጀምሮ የራሱ ባደረገው በኤፒፎን ስም የሌስ ፖልን ቅርጽ በአነስተኛ ዋጋ ያቀርባል። ያማሃ ደግሞ በ1990 ፓሲፊካ የተባለውን ተከታታይ አወጣ። እኔ በወጣትነቴ ርካሽ ጊታር ማለት ሥቃይ ነበር፤ አንገቱ የተጣመመ፣ ፍሬቱ ጣት የሚቆርጥ፣ አንድ መዝሙር ሳያልቅ ቃናው የሚወርድ። ዛሬ ግን ኢንዶኔዥያና ቻይና ያሉ ፋብሪካዎች እንጨቱን የሚቆርጡት በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ነው። ማሽኑ የርካሹንም የውዱንም አንገት እኩል አስተካክሎ ይቆርጣል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፍሬቱን በእጅ ለማለስለስ በሚጠፋው ሰዓት፣ በመቃኛ ቁልፎቹ፣ በፒክአፑና በሠራተኛው ደመወዝ። ስኳየር ወይም ፓሲፊካ አዲሱ በአሜሪካ ገበያ ከ200 እስከ 350 ዶላር ገደማ ይገኛል። አሜሪካ የተሠራው ፌንደር ከ1,500 ዶላር በላይ ነው። ያገለገለ ከተገኘ ደግሞ የርካሾቹ ዋጋ ከዚያም ይወርዳል።

የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብሪያን ሜይ (ዘፋኝ ጠቀሰ እንዳትሉኝ) ዓለምን የዞረበትን ጊታር በልጅነቱ ከአባቱ ጋር በቤታቸው ነው የሠራው። የአንገቱ እንጨት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ክፈፍ የተወሰደ ነው። ፌንደር የመግዣ አቅም አልነበራቸውም።

ንግግር ብቻ እንዳይሆን አንድ ነገር ሞከርን። ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ አንድ ወንድም አሜሪካ የተሠራ ስትራቶካስተሩን ይዞ ነበር። አንድ እህት ደግሞ ያገለገለ ያማሃ ፓሲፊካ ነበራት። ጊታሪስታችን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሁለቱንም በአንድ አምፕሊፋየር፣ በአንድ መዝሙር ተጫወተልን። ሰባት ሽማግሌዎች ቁጭ ብለን ሰማን። ሦስቱ የመጀመሪያው ነው ውዱ አልን፣ አራቱ ሁለተኛው። እኔ ከተሳሳቱት ወገን ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ጊታሪስቱ ራሱ ልዩነቱን ያውቀዋል። «ፓስተር፣ የአሜሪካው አንገት ለእጅ ይመቻል፣ ቃናውም ቶሎ አይወርድም። ልዩነት አለ። የአምስት እጥፍ ልዩነት ግን አይደለም» አለኝ። ደብዳቤውን ከፈረሙት አንዱ እርሱ ስለሆነ ይህን በማለቱ አከበርኩት።

አሁን ወደ ጥቅሶቹ እንምጣ፤ ጠቡ የሚነሣው እዚህ ላይ ነውና።

ዳዊት የኦርናን አውድማ በነጻ አልቀበልም ማለቱን (2ኛ ሳሙ. 24፥24) ይጠቅሱልኛል። መልካም። ሃምሳውን ሰቅል ብር የከፈለው ግን ማን ነበር? ዳዊት ራሱ ነው። ሕዝቡን ልዩ መባ አላስወጣም። ከራሱ ኪስ መክፈል የሚፈልግ ወንድም ካለ እኔ የምለው የለኝም፤ ይክፈል፣ ይባረክ። በሌላ ሰው መሶብ ላይ ቆሞ «ዋጋ እንክፈል» ማለት ግን የዳዊት ነገር አይደለም።

ሚልክያስ ምዕራፍ 1ንም ይጠቅሳሉ። ነቢዩ የነቀፈው ርካሽ በግ አይደለም፤ ዕውር፣ አንካሳና የታመመ በግ ነው። ውድ ሆኖ ያልተቃኘ ጊታር አንካሳ በግ ነው። ስንት አጥቢያ ውስጥ ነው ውዱ ጊታር ከተገዛ ጀምሮ ክሩ ያልተቀየረው? ዝጎ፣ ላብ ጠጥቶ፣ ጥቁር ሆኖ ታያላችሁ። ሚልክያስ ቢመጣ የሚጠይቀን ስለ ስሙ ሳይሆን ስለ ዝገቱ ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ የምትረሳው ክፍል ግን ዘሌዋውያን 12፥8 ናት። በግ ለማቅረብ አቅም የሌላት እናት ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገል እንድታቀርብ የፈቀደው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ዮሴፍና ማርያም ወደ መቅደስ ሲወጡ ያቀረቡት ይህንኑ የድሃ መሥዋዕት ነው (ሉቃ. 2፥24)። በዚያ ቀን በክንዳቸው የያዙት ማንን እንደነበር እናውቃለን። ርካሹ መሥዋዕት ቢያንስ ኖሮ በዚያ ቀን ባነሰ ነበር። ሙሴም ለማደሪያው ድንኳን ሕዝቡ ሲያመጣ፣ ሥራው የሚፈልገው ሲሞላ፣ ከዚህ በላይ እንዳያመጡ በሰፈሩ አሳወጀ (ዘፀ. 36፥5-7)። መባ ይበቃል ያለ አገልጋይ እኔ በዘመኔ አላየሁም።

ማርቆስ 12 ላይ ስለ መበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ለልዩ መባ ስንሰብክ አንድ ነገር እንዘላለን። ከእርሷ ታሪክ በፊት ጌታ የሚናገረው የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ ጻፎች ነው። ይህን ስጽፍ ለራሴም እየጻፍኩ ነው።

በሌላ ወገን ያላችሁትም እንዳታጨበጭቡልኝ። «ጌታ ልብን ነው የሚያየው፤ የተገኘው ይገዛ» የምትሉ አላችሁ። እናንተም ተሳስታችኋል። ስሙ የማይታወቅ፣ ሳይሞከር የተገዛ ጊታር ግማሽ ዋጋው የሚባክነው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ልጆች «ችሎታ የለኝም» ብለው የሚተዉት በእርሱ ነው። ርካሽ ጊታር ይገዛል፤ ግን ተፈትሾ።

ፍተሻው ከባድ አይደለም። አንገቱን እንደ ጣውላ ከጫፉ በአንድ ዓይን እዩት፤ ጥቂት ወደ ፊት ማጎንበሱ ደኅና ነው፣ መጠማዘዙ ግን ከሆነ ተውት። በስልካችሁ ላይ መቃኛ አውርዱ። አንድ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ነክታችሁ በሚሰጠው ጭላጭ ድምፅና እዚያው ተጭናችሁ በሚሰጠው ድምፅ መካከል ልዩነት ካለ ማስተካከል ይፈልጋል፤ ከታች ያሉት ትናንሽ ብሎኖች ለዚህ ናቸው። እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ምቱ፣ የሚያንቋርር ካለ ይሰማል። ክሩን በጣት ገፍታችሁ ልቀቁትና ቃናው ይመለስ እንደሆነ እዩ። የሀገራችን መዝሙር ክር መግፋት ይወዳል፤ እዚህ ላይ የሚወድቅ ጊታር ለእኛ አይሆንም። በመጨረሻ ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝታችሁ ቁልፎቹን አዙሩ። ቢንኮሻኮሽ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳችኋል። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ጊታር ከሆነ የአንገቱን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱ። የደጋችን አየር በበጋ ደረቅ ስለሆነ እንጨቱ ይኮማተርና የፍሬቶቹ ጫፍ ይወጣል። በጥሩ ሞረድ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ጊታሩ ተበላሸ ብሎ መጣል የለም።

ሌላው የምናዝንበት ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጊታሩ ጥፋት አይደለም። ኤሌክትሪክ ጊታርን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰክታችሁ «ቀጭን ነው፣ ሕይወት የለውም» ትላላችሁ። የአሜሪካውንም እንዲሁ ብትሰኩት ቀጭን ነው። ፒክአፑ የሚያወጣው ምልክት ለሚክሰር ማስገቢያ የተሠራ ስላልሆነ በመካከል ዲአይ ቦክስ ወይም የአምፕሊፋየር ድምፅ የሚሰጥ ኢፌክት ያስፈልጋል። ከጊታሩ ስም የተረፈውን ገንዘብ እዚህ ላይ አውሉት፤ ጉባኤው የሚሰማው ይህንን ነው። አምፕሊፋየር ከአሜሪካ ከመጣላችሁ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። በ120 ቮልት የሚሠራ ከሆነ የእኛ 220 በአንድ ቅጽበት ያቃጥለዋል። እኛ አቃጥለናል። በእሑድ ጠዋት፣ በጸሎት መካከል፣ ጭሱ መድረኩን ሲሞላው አንዳንድ ሰው የክብር ደመና መስሎት ነበር። ሣቁ፤ እኛ ግን የሰጠንን ወንድም ስናገኝ ምን እንደምንለው አናውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን አንድ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሆኖታል። እናቱ እንጀራ ሸጣ ጊታር ገዛችለት፤ ርካሽ ስኳየር ነበር። ልምምድ ላይ ይዞት ሲመጣ ከቡድኑ አንዱ «ይሄ ለቤት ነው፣ መድረክ ላይ አይወጣም» አለው። ልጁ ምንም አልመለሰም። ጊታሩን በከረጢቱ ከተተና ሄደ። እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ ነበር፤ ከዚያ እርሱም ቀረ። እኔ ሰማሁ፤ «የወጣቶች ነገር ነው» ብዬ አለፍኩት። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄድኩ። ጊታሩ አልጋ ሥር ነበር። አውጥቼ አየሁት። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው። ክሮቹ ጫፉ ላይ የሚያርፉባት ነጭ ቁራጭ ጥርሷ ጠብቦ ክሩን ትይዘዋለች፤ ቃናው የሚወርደው በእርሷ ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት። «ጋሼ፣ ጊታሩ መጥፎ ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አለኝ።

ስለ ደብዳቤው ረቡዕ እንደገና እንወያያለን። የእኔን ሐሳብ አስቀድሜ ለሽማግሌዎቹ ተናግሬያለሁ፤ አጀንዳ ቁጥር 5 አንደኛ ይሆናል፣ ከዚያ ያገለገለ ፓሲፊካና አንድ ዲአይ ቦክስ። ሊሸነፍ ይችላል፤ ድምፄ አንድ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም። አልጋ ሥር የተኛ ጊታር ያላችሁ ወደ ቢሮዬ አምጡ። ሦስት ስብስብ አዲስ ክር፣ ሞረድ፣ ካቻቢቴና ባለ ስድስት ጎን መፍቻ አለኝ። ልጁም እመጣለሁ ብሎኛል።