ጋቢያችንን እንለካው

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ልሄድ ስዘጋጅ እናቴ መርካቶ ሸማ ተራ ይዛኝ ሄዳ አንድ ጋቢ ገዛችልኝ። ባለሱቁ አዛውንት አጣጥፈው ሲሰጡኝ፣ «ልጄ፣ ላብህ ሳይደርቅ እንዳትደርበው፤ የረጠበ ጥጥ ይበርዳል» አሉኝ። የፊዚክስ ዲግሪ ይዤ ስለነበር ምክራቸውን በፈገግታ አለፍኩት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ጋቢ በአንድ የሰሜን አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ ሚዛን ላይ ወጣ። አብሮኝ ይማር የነበረ ወጣት የግሪንላንድን የበረዶ ክዳን በበረዶ መንሸራተቻ ለማቋረጥ በመዘጋጀት ላይ ነበር። ጉዞው ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፤ በመንገድ ላይ ሱቅ የለም። ስለሆነም የሚለብሰውን፣ የሚበላውንና የሚያነደውን ሁሉ በግራም እየመዘነ በመዝገብ ያሰፍር ነበር። ጋቢዬን አይቶ፣ «ይህስ ምን ያህል ያሞቃል?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጋቢ የሚያሞቀን ጥጡ የራሱ ሙቀት ኖሮት አይደለም። ሥራውን የሚሠራው በክሮቹና በአራቱ ድርብ መካከል ታስሮ የሚቀረው አየር ነው። የረጋ አየር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በሜትር በኬልቪን 0.025 ዋት ያህል ሲሆን፣ የውኃ ግን 0.6 ያህል ነው፤ ከ20 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ጥጥ ላብ ሲመጥ የአየሩን ቦታ ውኃ ይይዘዋል። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ውኃው እየተነነ ከገላችን ተጨማሪ ሙቀት ይወስዳል። ሙቅ ውኃ የሞላበትን ጣሳ በጋቢው ጠቅልለን፣ በመጀመሪያ ደረቁን፣ ቀጥሎ እርጥቡን ሞከርን። አዛውንቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገሩኝን ለማረጋገጥ ከሰዓት በኋላው ሙሉ ጠፋብን።

ጓደኛዬ ግን በዚህ አላበቃም። «ታዲያ ከፍታ ላይ የሚኖሩ ገበሬዎቻችሁ በዝናብና በውርጭ ምን ይለብሳሉ?» አለኝ። የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር በርኖስና ዝተት እንደሚሠራ አውቅ ነበር። ለምን እንደሚሠራ ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። የበግ ፀጉር ክር የተጠቀለለ በመሆኑ ሲረጥብም እንደ ጥጥ በቀላሉ አይተኛም፤ አየሩን እንደያዘ ይቆያል። በዋልታ ጉዞ ከገላ ቀጥሎ ጥጥ ሳይሆን ሱፍ የሚለበሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስንቁንም እንመልከት። ተጓዡ በቀን 5,000 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል ብንል ለ30 ቀን 150,000 ይሆናል። አንድ ግራም ስብ 9፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ደግሞ 4 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ሁሉም ካርቦሃይድሬት ቢሆን 37.5 ኪሎ ግራም፣ ሁሉም ስብ ቢሆን 17 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሰው በስብ ብቻ ባይኖርም ልዩነቱ ተንሸራታቹን ጋሪ ለሚጎትተው ትከሻ ትልቅ ነው። የተቆላ የገብስ ዱቄትን በቅቤ ለውሰው ጭኮ ያዘጋጁልን እናቶች ይህንኑ ስሌት በእጃቸው ሠርተውታል።

«ኢትዮጵያዊን ከበረዶ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ በአገር አቋራጭ የበረዶ መንሸራተት አገሩን ወክሎ መወዳደሩን ላስታውሰው። የእኔ ነገር ግን ሌላ ነው። ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1888 ግሪንላንድን ሲያቋርጥ ከአምስቱ ባልደረቦቹ ሁለቱ የሳሚ ሕዝብ ተወላጆች ነበሩ። አሙንድሰን ከ1903 እስከ 1905 በኔትሲሊክ ሕዝብ አጠገብ ከርሞ የፀጉር ልብስ አለባበስንና ውሻ መንዳትን ተማረ፤ በታኅሣሥ 1911 ደቡብ ዋልታ የደረሰውም በዚህ እውቀት ታግዞ ነው። ሁለቱም የአገሬውን እውቀት አልናቁም፤ ሳይፈትኑም አልተቀበሉም።

እኛ ዘንድ ግን የአባቶችን እውቀት ኋላ ቀር የሚለውም፣ እንከን የለሽ የሚለውም ቴርሞሜትር አልያዘም። እኔም ራሴ የሙቀት ማስተላለፍን ምዕራፍ ለዓመታት በብረት ዘንግ ብቻ ሳስተምር ኖሬአለሁ። በእኔ እምነት የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎቻችን ነጠላን፣ ጋቢንና በርኖስን በደረቅና በእርጥብ፣ በነፋስና ያለ ነፋስ ለክተው ውጤቱን በዚህ መጽሔት ቢያወጡ መልካም ነው። የሚያስፈልገው ጣሳ፣ ቴርሞሜትር፣ ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ በደረሰው የእሳት አደጋ በርካታ ሱቆች ወድመዋል። ወሬውን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እኒያ አዛውንት ነበሩ። ጨርቁ ዳግም ይሸመናል፤ የሚያውቁት ሰዎች የሚነግሩን ግን ተለክቶ ካልተጻፈ አብሯቸው ይሄዳል።