የመንዝ ጉብታዎች በይዞታ ደብተር ላይ ይስፈሩ

ጥርና የካቲት በመንዝ የእርከን ወራት ናቸው። ገበሬው በቡድን ተከፋፍሎ ይወጣል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ ካብ ይክባል። አፈራችን በጎርፍ ሲያልቅ ያየሁ ነኝና ሥራውን እደግፋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ድንጋዩ የሚነሳበት ቦታ ነው። ከሩቅ ከሚጋዘው ይልቅ በማሳው መካከል ተከምሮ የሚገኘው ይቀርባል፤ ያ ክምር ግን አንዳንዴ መቃብር ነው።

ፍራንሷ ግዛቪዬ ፎቬልና በርትራን ፗሶንዬ የተባሉ ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች በሰሜን ሸዋ ደጋ ከነዚህ ጉብታዎች ጥቂቱን አጥንተዋል። ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ሕዝብ ሙታኑን የቀበረባቸው ናቸው፤ አጥኚዎቹ «የሻይ ባህል» ብለውታል። ተተር ጉር በተባለው ጉብታ ከድንጋዩ ክምር ሥር በጠባብ መተላለፊያ የሚገባበት የመቃብር ክፍል ተገኝቷል። ሙታኑ ከሸክላ ዕቃና ከባሕር ማዶ ከመጣ የመስታወት ዶቃ ጋር ተቀብረዋል። አቀባበራቸው የክርስቲያንም የሙስሊምም አይደለም፤ በእጃቸው የተጻፈ አንድ መስመርም የለንም። ታሪክ ሳስተምር እነዚህን ሰዎች የማነሳበት መጽሐፍ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ጉብታው ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ግቢ ውስጥ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ የበረት ደፍ ሆኖ አየሁ። «ከጉብታው የመጣ ነው» አሉኝ የግቢው ልጆች። ወርቅ አለ የሚል ወሬ ሰምቶ በሌሊት የሚቆፍረውማ የባሰ ነው፤ ዶቃው ከየትኛው አጽም አጠገብ እንደነበር ካልታወቀ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው።

ሕግ የለም አይባልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ግን ያነሳው ድንጋይ ቅርስ መሆኑን ማንም ያልነገረው ገበሬ ምኑን ያሳውቅ?

የጥያ ትክል ድንጋዮች በ1980 እ.ኤ.አ.፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ደግሞ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ ደስ ብሎኛል። ለመንዝ ጉብታ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። መሬት ተለክቶ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ባለሙያው ከገበሬውና ከድንበርተኞቹ ጋር ማሳውን ይዞራል። ጉብታው የት እንዳለ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። እዚያው ይለካ፣ ካርታው ላይ ይስፈር፣ የእርከን ቡድን መሪም ካርታውን ይዞ ይውጣ። ጉብታው የያዘው መሬት ከገበሬው ግብርና ከመሬት መጠቀሚያ ክፍያው ይቀነስለት፤ ለማያርሰው መሬት ሊከፍል አይገባም።