"ባትሪው ሞቷል" ሲሏችሁ "የቱ ሴል?" በሉ

ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ምልክቱ ግን ባትሪው 60 በመቶ እንዳለው ያሳያል። ቁልፉን አጥፍቶ ሲያበራው ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይቆማል። ይህን የነገረን ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር ወጣት ነው። የገዛበት ሱቅ "ባትሪው ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይር" ብሎታል። ፈትሸውት ነው ወይ አልነው። ክዳኑን እንኳ አልከፈቱትም።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም ካሳወቀ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ የማያወራ የለም። ወሬው ግን ስለ ቀረጥና ስለ ቻርጅ ነው። ባትሪው ሲታመም ማን ይመርምረው?

ያ ወጣት የነገረን ምልክት ለሚያውቅ ሰው ብዙ ይናገራል። ባለ 48 ቮልት የሳይክል ባትሪ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 13 የሴል ቡድኖች በተከታታይ ተያይዘዋል። 12ቱ 3.9 ቮልት፣ አንዱ 3.4 ቢሆኑ ድምሩ 50.2 ይመጣል። በውጭ ለሚለካው ሰው ባትሪው ጤነኛ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲስብ ግን ያ ደካማ ቡድን ቁልቁል ይወርድና ቢኤምኤስ የሚባለው ተቆጣጣሪ ካርድ ሴሉን ለማዳን ሁሉንም ይዘጋል። ሲያርፍ ቮልቱ ይመለሳል፣ ሞተሩም ይነሳል።

ስለዚህ መለካት ያለበት እያንዳንዱ ቡድን ነው፤ አንዴ አርፎ፣ አንዴ ጭነት ላይ። ቆሞም ዝቅ ካለ ሴሉ ራሱ ደክሟል ወይም ቻርጅ ያፈሳል። ቆሞ ደህና ሆኖ ጭነት ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ወይ ሴሉ አርጅቷል ወይ የኒኬሉ ብየዳ ላልቷል። በኮብልስቶን ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚነጥር ባትሪ ብየዳ መላላቱ አይገርምም። ሴሎቹ በሙሉ ደህና ሆነው መውጫው ላይ ቮልት ከጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርዱ ነው። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየን ወይም ያበጠን ሴል ግን "እናስነሳው" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ባትሪያችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የሊቲየም ዓይነቱም አንድ አይደለም። ኤንኤምሲ ቀላል ነው፣ በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት ይይዛል፤ ዕድሜው ግን ያጥራል፣ ሲግልም ቶሎ ይቆጣል። ኤልኤፍፒ ይከብዳል እንጂ 2000 ጊዜና ከዚያ በላይ ቻርጅ ይችላል፣ ሙቀትንም ይታገሳል። በየቀኑ ለሚሠራበት ሰው እኛ ኤልኤፍፒን እንመርጣለን። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ቮልቱ እስከ መጨረሻው ብዙም ስለማይወርድ ቮልት ብቻ አይቶ የሚገምት ምልክት ያታልላል። "ግራፊን" ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሻሻለ የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ሊቲየም አይደለም።

ቻርጀር መዋዋስ ይቅር። የኤንኤምሲው 48 ቮልት ሲሞላ 54.6 ነው፣ ባለ 16 ሴሉ ኤልኤፍፒ 58.4። የሁለተኛውን ቻርጀር በመጀመሪያው ላይ ብትሰኩ እያንዳንዱ ሴል ከ4.2 አልፎ ወደ 4.5 ቮልት ይገፋል። ከእሳት የሚያድናችሁ ያ ካርድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሠራ። ኒውዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰው ሞቶባታል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይም የደህንነት ማረጋገጫ የሌለው የኤሌክትሪክ ሳይክልም ሆነ ባትሪ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕጓ ሥራ ላይ ውሏል።

የኛው ወጣት ባትሪውን ሌላ ባለሙያ ጋ ወስዶ አስከፈተው። አንድ ቡድን ላይ ብየዳው ለቆ ነበር። ተበየደለት፣ እየሠራበትም ነው። የገዛበት ሱቅ ግን ክዳኑ ስለተከፈተ ዋስትናው ፈርሷል ብሎታል።