ደርቢው ዳገት ላይ ነው

ያገለገለ ማውንቴን ብስክሌት ገዝቶ የመጀመሪያ ቀን የወጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ዓይነት ነው፤ «ጎማው ወፍራም፣ ሞላው ለስላሳ፣ ጉድጓድ አያውቅም!» ልክ ነው። ግን ይሄ የሜዳ መንገድ ወሬ ነው። በወዳጅነት ጨዋታ ሦስት ጎል ያገባ አጥቂ በደርቢው ቀን የት እንደሚጠፋ ደጋፊ ያውቀዋል።

የብስክሌት ደርቢ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ያለው ዳገት ነው። እዚያ ላይ ያለቀ ካቴና ከጥርሱ እያመለጠ ይዘላል፤ እግር ባዶ ይረግጣል፤ ነጂው መኪና ፊት ሊወድቅ ይችላል። ለስላሳ የተባለው ሞላም ጉልበት ይበላል። ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል፤ የፍሬኑ ላስቲክ ካለቀ ከእንጦጦ መውረድ ያለ በረኛ መጫወት ነው።

ታዲያ ገዢው ምን ያድርግ? ማስመሪያ ይያዝ። አዲስ ካቴና ላይ ከአንዱ ፒን እስከሚቀጥለው 1.27 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ 25ኛው ሲለካ 30.5 ገደማ ይመጣል። 30.7 ከደረሰ ካቴናው አልቋል፣ ዋጋው ይቀነስ። ቀጥሎ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደፊት ይግፋ። ጎማው ከዞረ ሳይጠገን አይነዳ።

ያገለገለ አይገዛ አይባልም። ልምድ ያለው ተጫዋች ስንቱን ክለብ ከመውረድ አድኗል! ግን አዲስ ማሊያ የለበሰ ሁሉ ተሰላፊ አይደለም። ቀለም ታይቶ ብር አይቆጠር፤ መጀመሪያ ዳገቱ ላይ ይሞከር፣ ፊርማው ከዚያ ይደርሳል።